ማድ ቤት ያልተባለችው ክፍል

ባለፈው ጥቅምት ዚፕ ልገዛ አየር ጤና ወርጄ ነበር። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ሙሉ ልብስ መስፋት ትቻለሁ፤ ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ የተማሪ ዩኒፎርም መጠገን ግን አሁንም እሠራለሁ። ከጋራዦቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ የክርና የገበር ሱቅ ቆሜ፣ ባለሱቁ የጠየቅኩትን መጠን ሲፈልግልኝ፣ ከጎኔ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት ጠና ያለች ሴት ትኩር ብላ ታየኛለች። «ይቅርታ፣ ጋሽ ታደሰ አይደሉም?» አለችኝ። ነኝ አልኳት፤ ግን ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። «ጽጌ ነኝ፤ የእትዬ በላይነሽ ጽጌ» ስትለኝ ዚፑን ትቼ ወደ እሷ ዞርኩ። አምቦ ተድራ ከሄደች ወዲህ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአክስቷ በእትዬ በላይነሽ ቀብር ላይ ነበር። እኔ የማስታውሳት ኮንጎ ጫማዋን በጭቃ ሞልታ ግቢው ውስጥ ስትሯሯጥ ነው። አሁን ጸጉሯ ሸብቷል።

ፌርማታው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ገባን። ባሏ እንደሞተባት፣ ቤተል ካለችው ሴት ልጇ ዘንድ እንደከረመች አጫወተችኝ። ከዚያ ሻይዋን ሳትቀምስ ወደ ጉዳዩ ገባች። «ግቢው ሊነሳ መሆኑን ሰምተዋል አይደል?» አለችኝ። እንዴት አልሰማም! ክረምት ላይ የወረዳው ልጆች ሜትር ይዘው መጥተው እያንዳንዷን ክፍል ለክተው ሄደዋል። የግል ባለይዞታ በቦታው ስፋት ልክ ምትክ መሬትና ካሳ ያገኛል፤ እኛ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ደግሞ በያዝነው ክፍል ቁጥር ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠናል። «አክስቴ ነፍሷ እስክትወጣ ድረስ፣ ጫፍ ላይ ያለችው ክፍል ማድ ቤቴ ናት ትል ነበር» አለች ጽጌ። «የፊቱን ቤት ለእኔ ነው ያወረሰችኝ፤ ፋይሉ ላይ ግን ያቺ ክፍል የኪራይ ቤት ተብላ ተጽፋለች። ቤት ሲወረስ ግቢውን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ይምጣና ይመስክር ብለውኛል። ሌሎቹ ሁሉ ሞተዋል። እርስዎን መጠየቅ ደግሞ ከበደኝ፤ ክፍሏን የያዛችኋት እናንተ ናችሁ።» አንገቷን ደፋች። «ያስታውሱ ይሆን?»

«አስታውሳለሁ» አልኳት። የወረዳውን ቀጠሮ ቀን ነገረችኝና ተለያየን። ታክሲ ውስጥ ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ግን እስከ ሰፈራችን እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ አንድም ነገር ያየሁ አይመስለኝም።

እኔና ባለቤቴ አስካለ ተጋብተን እትዬ በላይነሽ ግቢ ስንገባ ሁለታችንም ልጆች ነበርን ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ኮልፌ ከተማ ነው ለማለት ያስቸግር ነበር። ከማዞሪያው ወዲያ ባሕር ዛፍ ነው፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ዳቦም እንዲሁ። መርካቶ ድረስ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ሌላው በእግሩ ነው። ወጣቱ እግሩ ሥር የሚሰፋ ሱሪ ይለብስ ነበር፤ መሬቱን እየጠረገ የሚሄድ። እኔ በሳምንት አራት አምስቱን እሰፋለሁ፤ ለአንዱ ስፋት ጨምርበት እባላለሁ፤ ለሌላው ደግሞ አባቱ ተቆጥቶ ቀንስለት ይለኛል። ቴትሮን ሸሚዝ ከደረት ኪስ ጋር፣ ለሴቶቹ ከጉልበት ከፍ ያለ ጉርድ። ማዞሪያው ላይ ባለው ቡና ቤት የሙዚቃ ሳጥኑ ሳንቲም እየበላ ቀኑን ሙሉ የፍቅር ዘፈን ያሰማል፤ እኔም በዘፈኑ ምት የእግር ስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ። አስካለ ከውስጥ ሆና «ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌትህ ይጣመማል» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ትውልዳቸው ከሰበታ ማዶ ነው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገሩታል። ባልና ሚስት ለፍተው ፊት ለፊት ለራሳቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከጀርባ ደግሞ ለኪራይ አራት ክፍሎች በአንድ ረድፍ ሠርተዋል፤ በረድፉ ጫፍ ላይ፣ ከእኛ ክፍል ቀጥሎ፣ አምስተኛዋ ማድ ቤታቸው ናት። ግድግዳዋ በጭስ ጠቁሮ እንደ ከሰል ሆኗል። ልጅ አልወለዱም። ጽጌ የወንድማቸው የጋሽ ገመቹ ልጅ ናት፤ እናቷ በወሊድ ስትሞት እሳቸው አመጧትና አሳደጓት። አባቷ ጋሽ ገመቹ የሥጋ ደዌ ታማሚ ሆኖ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነበር። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም።

ለዚያች አንዲት ክፍል በወር አሥራ ሁለት ብር እንከፍል ነበር። እትዬ በላይነሽ ክፉ አከራይ አልነበሩም። ሥራ ሲቀዘቅዝብኝ «ኢልማ ኮ፣ ሲኖርህ ታመጣለህ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ አጥሚቱን እየሠሩ ለአስካለ ያመጡላት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ አሥራ ሁለት ብር በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ አስካለ ትቆጣለች፤ እኔም ጨርቁ ላይ አቀርቅሬ የማልሰማ እመስላለሁ።

ከዚያ የአብዮቱ ግርግር መጣ። ሬዲዮኑ ዘፈኑን ትቶ ማርሽ ማሰማት ጀመረ። ስለ ዘመኑ ብዙ የሚያውቁ ጽፈዋል፤ እኔ የማውቀው ወደ ግቢያችን የገባውን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ተባለ። ሰው ለራሱ የሚኖርበት አንድ ቤት ከነማድ ቤቱ ይቀርለታል፤ የሚያከራየው ሁሉ ወደ ቀበሌ ይገባል፤ ድሃው ተከራይ ደግሞ የሚከፍለው ግማሹን ብቻ ነው። ስድስት ብር! አስካለ ወሬውን ስትሰማ ልብስ እያጠበች ነበር፤ በአረፋ እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። ጎረቤቶቻችን ተቃቀፉ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አላፍርበትም። ጣሪያ ላይኖረን ይችላል የሚለው ጭንቀት በአንድ ቀን ከላያችን ተነሳ። ከፊት ያለው ቤት በር ግን ያን ቀን አልተከፈተም።

ማንበብና መጻፍ ስለምችል ቤት መዝጋቢ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። ግቢ ለግቢ እየዞርን፣ ይህ መኖሪያ ነው፣ ይህ ማድ ቤት ነው፣ ይህ ትርፍ ነው እያልን እንጽፋለን። የእኛ ግቢ ተራ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እትዬ በላይነሽ ወደ ክፍሌ መጥተው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ መጥተው አያውቁም ነበር።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ «አራቱን ውሰዱ። መንግሥት ያለው ይሁን። ማድ ቤቴን ግን ማድ ቤት በልልኝ።»

«ማድ ቤት አይደለች እንዴ እትዬ፣ ሌላ ምን እላታለሁ?»

«ገመቹ ሊወጣ ነው። ሐኪሞቹ ድነሃል፣ ከእንግዲህ ወደ ማንም አይተላለፍም ብለውታል። እሱ ግን ልቡ አላመነም፤ ከልጄ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም ይላል። ያቺን ክፍል አጽድቼ ብሰጠው ይመጣል። ልጁን እያየ ይኖራል። ጉልቻዬን እኔ ደጅ እተክላለሁ።»

«እሺ እትዬ፣ አያስቡ» አልኳቸው። ስላቸው ከልቤ ነበር።

ነገሩን ለአስካለ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ሁለተኛዋን አርግዛ ወሯ ገብቷል። በዚያች ክፍል ውስጥ አልጋው፣ መኪናው፣ የሰው ጨርቅ፣ የልጅቱ ፍራሽ ተደራርቦ መንቀሳቀሻ የለንም። «ግድግዳችን ተያይዞ?» አለችኝ። «ሕፃን ይዤ? ልጆቹ ደጅ ሲጫወቱስ?» ድኗል እኮ አልኳት። «አንተ ሐኪም ነህ?» አለችና አለቀሰች። አልፈርድባትም፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የሚፈራው። እኔም እፈራ ነበር። ግን ፍርሃት ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ክፍሏንም ፈልጌያት ነበር። ጥላሸቱ ተፍቆ በኖራ ብትቀባ፣ መኪናዬን አስገብቼባት፣ በሯን ወደ መንገዱ ከፍቼ እያልኩ ሳስብ ራሴን አገኘሁት።

በማግሥቱ የኮሚቴው ሊቀመንበር መዝገቡን ሰጠኝና «አንተ የግቢው ነዋሪ ነህ፣ አንተው ጻፍ» አለ። ሌሎቹ ደክሟቸዋል፤ ወደ ጀርባም አልዘለቁም። እትዬ በላይነሽ በረንዳቸው ላይ ቆመዋል። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልኩ ጻፍኩ። አምስተኛዋ ጋ ስደርስ በሰማያዊ ቀለም «ለኪራይ የተሠራ፣ ባዶ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከወር በኋላ፣ ቤተሰቡ ስለበዛ ተብሎ፣ ክፍሏ ለእኔ ተመደበች። የእሷ ኪራይ ከስድስት ብርም ስላነሰ፣ የሁለቱ ተደምሮ ድሮ ለአንዷ ከምንከፍለው ያነሰ ነበር።

እትዬ በላይነሽ አልጮሁም። ለቀበሌም አቤት አላሉም። ሌላ ገቢ ስላልነበራቸው መንግሥት ትንሽ የወር አበል ቆረጠላቸው፤ በእሷ ኖሩ። ጉልቻቸውን ከቤታቸው ጎን አራት ቆርቆሮ አቁመው ተከሉ። ዕቃቸውን ከማድ ቤቱ ባወጡ ማግሥት ጠዋት ደጅ ላይ ተገናኘን። «እንደምን አደሩ፣ አቶ ታደሰ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከሞቱ ድረስ ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ አንድ ጊዜም አንተ ብለውኝ አያውቁም። በሰው ፊት ስንቀመጥ አክባሪነታቸውን ሰው ያደንቅላቸዋል። «አቶ» ማለታቸው ምን እንደሆነ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

ጋሽ ገመቹ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር። የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል ነው። ግራጫ ካፖርት ለብሷል፤ እግሩ ላይ ለእሱ ተብሎ የተሠራ፣ ታችኛው ጎማ የሆነ ጫማ አለ። በእጁ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ዕቃ ይዟል። የግቢው በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አልገባም። ጽጌ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ናት። እህቱ ወጥተው በኦሮምኛ ረጅም ነገር ነገሩት፤ እሱም ወደ ጀርባ፣ አዲስ ኖራ ወደተቀባችው ክፍል አንድ ጊዜ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቋጠሮውን ሰጥቷቸው ሄደ። እኔ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አይ ነበር፤ እግሬ መርገጡን አላቆመም፤ ክሩ ግን ከመርፌው ወጥቶ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጨርቁን በባዶ መርፌ ስወጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ እዚያው ዘነበወርቅ፣ እንደ እሱ የዳኑ ሰዎች ከሚኖሩባቸው የጭቃ ቤቶች በአንዷ ገብቶ ቅርጫት እየሠራ ኖረ። እትዬ በላይነሽ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምግብ በሳህን ቋጥረው በእግራቸው ወደዚያ ይሄዳሉ። ፀሐይ ሆነ ዝናብ፣ አልፈውኝ ይሄዳሉ። «እንደምን ዋሉ አቶ ታደሰ።» «እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ።» ጥቂት ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ የነሐሴ ቀን አራት ክንድ ጥቁር ጨርቅ ይዘው ገቡ። ለጽጌ የሐዘን ቀሚስ ይሰፋልኝ አሉ። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራዬን ሁሉ ትቼ ሰፋሁት። «ሒሳብ የለውም እትዬ» ስላቸው፣ «ሥራ ነው፤ ሥራ ይከፈልበታል» ብለው ሁለት ብር መኪናው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

እኛ በዚያች ክፍል ኖርን። አራት ልጆች አሳደግንባት። አንድ መንግሥት ሄደ፣ ሌላው መጣ፤ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ታክሲው ሁሉ ሲወጣ የእኛ የቤት ኪራይ ባለበት ቆመ። ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌው አያድሰውም፤ ራስህ ስታድስ ደግሞ ፈቃድ አውጣ ትባላለህ፤ ሽንት ቤቱ ለአምስት አባወራ አንድ ነው። ቢሆንም ጠዋት ተነስቶ ውጣ የሚልህ የለም። ከኪራዩ የተረፈው ነው ደብተርና ጫማ የሆነው፤ ትልቋ ነርስ፣ ሦስተኛው መምህር የሆኑት በእሷ ነው። መምህሩ ልጄ ዛሬ ጀሞ የግለሰብ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ከደመወዙ ከግማሽ በላዩን ለአከራዩ ይሰጣል፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ይጨመርበትና ሶፋውን በጭነት መኪና ላይ አስሮ ይዞራል። ልጁ ሦስት ትምህርት ቤት ቀይሯል። «አባዬ፣ እናንተ እኮ ታድላችኋል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ለድሃ የተሰጠ ርካሽ ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ሁለቱን ክፍሎች መንግሥት ነው የሰጠኝ። ሁለተኛዋን ግን ለመንግሥት የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፤ የእኔ ያልሆነችውን።

ከአየር ጤና የተመለስኩ ቀን ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳት። ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱን አስቀመጠች። «ብትመሰክር አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚሰጡን?» አለች። አዎን አልኳት። ታናሿ ልጃችን ከባሏ ተለያይታ ከነልጇ ከእኛ ጋር ናት። አራት ነፍስ በአንድ ክፍል ማለት ነው። አስካለ ወንፊቱን መልሳ አነሳችው። «ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያስፈራሁህ» አለችኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለጽጌ ትነግራታለህ? ወይስ ማድ ቤት ነበረች ብለህ ብቻ ትመለሳለህ?»

ይህን ነበር እኔም ስሸሸው የነበረው። ማድ ቤት ነበረች ብል ይበቃል። ማን እንደጻፈው ማንም አይጠይቀኝም።

የቀጠሮው ቀን ወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ፣ ቁጥር ይዘን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጽጌ ፌስታል ውስጥ ወረቀቶቿን ደርድራ ይዛለች። ስለመጣሁላት ደጋግማ አመሰገነችኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን ለራሱ ክፍል ብሎ አላስታውስም ይለኝ ነበር» ስትለኝ ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

«ጽጌ» አልኳት፣ «ለኪራይ የተሠራ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አክስትሽ አስቀድመው ለምነውኝ ነበር። እሺ ብያቸው ነበር። ክፍሏን ስለፈለግኋት፣ አባትሽንም ስለፈራሁ ነው የጻፍኩት።»

ዞራ አየችኝ። የተናደደች አልመሰለችኝም፤ ያልገባት ነው የመሰለችኝ።

«አባቴን? አባቴ ምን አገናኘው?»

«ለእሱ ነበር የፈለጓት። ድኖ ሊወጣ ስለነበር። እዚያች ክፍል ሊኖር።»

«ሊመጣ ነበር?» አለች። ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ። «አክስቴ እኮ እዚያው ለምዶታል፣ መምጣት አልፈለገም ነው የምትለኝ የነበረው። ስጠይቃት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለኝ።»

«በሩ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ዕቃውን ይዞ ነው የመጣው። ቦታ ስለሌለ ተመለሰ።»

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «እኔ እኮ አልወደደኝም ብዬ ነው ያደግኩት» አለች። «እስክሞት ድረስ አልጠይቀውም እያልኩ ነው ያደግኩት።»

እትዬ በላይነሽ ለምን እንደዚያ እንዳሏት የገባኝ ያኔ ነው። ልጅቱ የምታድገው እኛ ባለንበት ግቢ ነው፤ ከልጆቼ ጋር ነው የምትጫወተው። የጎረቤቷን ጥላቻ በልቧ ይዛ እንዳታድግ፣ የእኔን ጥፋት በወንድማቸው ላይ ጭነውት ኖሩ። ይህን ላስረዳት ፈልጌ አፌን ስከፍት ቁጥራችን ተጠራ።

ጉዳዩን የያዘችው ወጣት ልጅ ኮምፒውተሯን ትታ የድሮውን መዝገብ አወጣች። ገጹ ቢጫ ሆኗል። ጽሕፈቴን ገና ከሩቅ አወቅኩት፤ ያን ጊዜ «ኪ»ን በረጅሙ ነበር የምጽፋት። «ይህ የማን ፊርማ እንደሆነ ያውቃሉ አባባ?» አለችኝ። «የእኔ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ግድግዳዋ ጠቁሮ እንደነበር፣ ጉልቻው የት ጋ እንደነበር፣ ለማንም ተከራይታ እንደማታውቅ፣ አውቄ በሐሰት እንደጻፍኩ ተናገርኩ። ልጅቱ መጻፏን አቆመች። «አባባ፣ ይህን ከፈረሙ ለእርስዎ የሚሰጠው ምትክ ባለ አንድ ክፍል ይሆናል። ልጆችዎን አማክረዋል? ሌላ ቀን መጥተው ቢፈርሙም ይቻላል።» አዘነችልኝ መሰለኝ። ብዕሩን ከእጇ ተቀብዬ ፈረምኩ። ጽጌ ወረቀቶቿን ሰብስባ ቀድማኝ ወጣች። ደረጃው ላይ ስደርስ መንገዱን ተሻግራለች። አልጠራኋትም።

ውሳኔው የመጣው ከገና በኋላ ነው። ክፍሏ ከፊት ካለው ቤት ይዞታ ጋር ተቆጠረች። ለእኛ እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ዳር ወጣ ብሎ፣ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ደረሰን። ኪራይዋ አሁንም ርካሽ ናት፤ ታናሿ ልጄና ልጇ ማታ ማታ የሚተኙት በመጋረጃ ከፍለንላቸው ነው። መምህሩ ልጄ ሲሰማ ለሁለት ሳምንት ስልክ አልደወለልኝም። ከዚያ ደወለ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝና ስለ ቤቱ ሳያነሳ ዘጋ።

ዕቃ ልናወጣ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጽጌ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ «ክፍሏን ላያት?» አለች። የእግር መኪናዬ ወጥቶ ደጅ ቆሟል፤ ውስጥ የቀረው አልጋውና ጥቂት ካርቶን ነው። አስካለ ወንበር አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም። በዝግታ ዙሪያውን አየች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ስንት ጊዜ የተቀባው ቀለም ተላልጦ፣ ጥግ ላይ ከሥር ያለው ጥቁር ይታያል።

«ቁመቱ ምን ያህል ነበር?» አለችኝ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ የጠየቀችኝ መስሎኝ ነበር። «አባቴ» አለች። «ትንሽ ሆኜ አክስቴ ሆስፒታል ስትወስደኝ ተኝቶ ያዋራኝ ነበር፤ ድምፁን ትንሽ ትንሽ አስታውሳለሁ። ቆሞ ግን አላስታውሰውም።»

በሩ ላይ ቆሞ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን አልጠፋኝም። ወደ ግድግዳው ሄድኩና እጄን ከራሴ ጥቂት ከፍ አድርጌ አሳረፍኩ። «እስከዚህ ነበር» አልኳት። «ትከሻው ሰፊ ነው። ቀጥ ብሎ ነበር የሚቆመው።»

እጄን ሳነሳ እሷ የራሷን እጅ እዚያው ላይ አሳረፈች። ቁመቷ አልደረሰም፤ በእግሯ ጣቶች ቆመች። አስካለ ቀስ ብላ ክንዴን ይዛ ወደ ደጅ ወሰደችኝ፤ ጽጌን ከውስጥ ትተናት በሩን ገርበብ አደረግነው።